አውሮፕላኑ በፍየሎቹ መስክ ላይ የጣለው

ባለፈው ሳምንት በምሳ እረፍት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ የሰርዲን ቆርቆሮ ከፈተች። ሽታው ክፍሉን ሲሞላው ግማሹ ሰው አፍንጫውን ይዞ ወጣ፤ የቀረውም በዓይኑ ገላመጣት። እኔ ግን ወንበሬን ሳብ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የነሐሴ ፀሐይ፣ የታጨደ ሣር፣ ዝቅ ብሎ የሚበር የትንሽ አውሮፕላን ጩኸት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ። «ዓሣ ትወጃለሽ እንዴ?» አለችኝ። አልወድም፤ እስከ ዛሬም አልበላም። ግን ያ ሽታ ስለ ቤተሰቤ ማንም ያልነገረኝን ነገር አሰምቶኛልና ሲሰደብ ዝም ብዬ አልሰማም።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ኮቪድ ገና አልለቀቀንም፤ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ግሮቭፖርት የሚባል ቦታ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ጭምብላችንን አድርገን ካርቶን እናነሳ ነበር፤ አባቴ የቀን፣ እኔ የማታ ሺፍት። ቤታችን ሬይኖልድስበርግ ያለ ጠባብ አፓርታማ ነበር። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄድ ቡችላዋን እኔ ላይ ጥላብኝ ሄደች። ጣለችብኝ እላለሁ እንጂ ለምኜ ነው የወሰድኳት። ቡናማ ናት፤ አንዱ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የወደቀ። አፓርታማው ውሻ አይፈቅድም፤ አባቴም አይፈቅድም።

«ወይ እሷ ወይ እኔ!» አለኝ።

«አባዬ፣ አንተ ላይሰንስ አለህ፣ ሥራ አለህ። እሷ ማን አላት?» አልኩት።

ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ፤ ከአቋሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

መፍትሔ የሆነችው አክስቴ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። እኛ በዲቪ ከመምጣታችን ከብዙ ዓመታት በፊት በሱዳን በኩል ተሰድዳ የገባች፣ የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ቤት የገዛች ሴት ናት። ባሏ ሲሞትባት «ቤት ውስጥ ተቀምጬ ግድግዳ ስቆጥር አልኖርም» ብላ ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስበት ኮረብታማ መሬት ገዛች። እዚያ ፍየልና በግ ታረባለች። ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲደርስ የኮሎምበስ አበሻ በመኪና ተሰልፎ ይመጣባታል፤ ሙስሊሞቹም ለአረፋ ይመጣሉ። አንዱ «እትዬ፣ ትንሽ ቀንሽልኝ» ካላት «ከፍየሉ ነው ከዋጋው? ከፍየሉ ከሆነ ጅራቱን ላስቀርልህ» ትለዋለች።

አክስቴ ውሻ አትወድም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። መንገድ ላይ ውሻ ካየች ተሻግራ ትሄድ ነበር፤ ውሻው በሰንሰለት ቢያዝም፣ የዘንቢል ያህል ቢያንስም። ነገር ግን ቀበሮ የሚመስለው የአገሩ አውሬ ግልገሎቿን እየነጠቀ አስቸግሯት ነበርና ውሻዬን ተቀበለቻት። በረቱ አጠገብ ከጣውላ ቤት ሠራሁላት። አክስቴ ምግቧን በሳህን አድርጋ በረጅም ዱላ እየገፋች ነበር የምታቀርብላት። አንድም ቀን ነክታት አታውቅም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ትብላ፣ ትጩህ፣ እኔን ግን እንዳትጠጋኝ» ትል ነበር።

በዚህ ነገር አንድ ቀን ክፉኛ ተጣላን። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ውሻ ነበረን። በሰፈሩ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቷል ተባለና መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንደሩ ተጣለ። ጠዋት ስነሣ ውሻችን በሩ ሥር አረፋ እየደፈቀ ይንፈራገጥ ነበር። ጎረቤቶች ወተት አፉ ውስጥ አንቆረቆሩለት፤ «ቶሎ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር» አሉ። የሞቱት ውሾች በጋሪ ተጭነው ሲወሰዱ አይቻለሁ፤ የእኛም ከመካከላቸው ነበር። ይህን ለአክስቴ እያለቀስኩ ስነግራት የፍየል ሰኮና እየከረከመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ደግ አደረጉ» አለች።

ደግ አደረጉ! የያዝኩላትን የፍየል እግር ለቅቄ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ውሻዬን ለማየት ብቻ እየመጣሁ እሷን ሰላም ሳልል እመለስ ነበር። እኔ እልኸኛ ነኝ፤ እሷም እልኸኛ ናት፤ የአንድ ቤት ዘር። «ምነው ዘጋሽኝ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ምሳዬን ግን ጠረጴዛ ላይ ከድና ታስቀምጥልኝ ነበር፤ እኔም አንስቼ እበላ ነበር። ኩርፊያ ሌላ፣ ረሃብ ሌላ።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም መሀል፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ጾሙ ሲፈታ ገዢ ይበዛል፤ ስለዚህ አጥር ላጠብቅላት ሄጄ ነበር። አሁንም እንደተኳረፍን ነን። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ፤ ሽቦ እየሳብኩ ጣቴን ቧጭሮኛል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ ጎረቤት ያለው ገበሬ ያጨደው ሣር ይሸታል። ድንገት ከኮረብታው ጀርባ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ብቅ አለ። ከዝቅታው የተነሣ ክንፉ ሥር የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይቻል ነበር። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሄደ፤ ልክ ትልሙን ጠብቆ እንደሚያርስ ገበሬ። ፍየሎቹ እየተረጋገጡ ወደ በረቱ ሮጡ። ከዚያ የበረቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማን።

«ምንድን ነው የሚጥሉብን?» አለች አክስቴ። ከኩርፊያው ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! በገዛ መሬቴ!»

ሄጄ አንዱን አነሣሁ። ከድንች ጥብስ ጋር የሚሰጡትን የካቻፕ ላስቲክ የምታክል ናት፤ ላይዋ በቡናማ ፍርፋሪ ተሸፍኗል፤ የዓሣው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፍርፋሪውን በጥፍሬ ስፍቀው ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። ያነበብኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታን ስም፤ ሬቢስ። የቀረው እንደተሸፈነ ነበር፤ እኔም ማንበብ አላስፈለገኝም። ባደግኩበት ሰፈር የዚያ በሽታ ስም ከተነሣና የሚሸት ነገር መሬት ላይ ከተጣለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጋሪው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትለኝ ይሆናል። በል። ያን ጊዜ እኔን ብትሆን ግን አንተም ትሮጥ ነበር።

ውሻዬን ሳያት በበረቱ ጥላ ሥር ተኝታ፣ ያንኑ ነገር በፊት እግሮቿ መሀል ይዛ ታኝካለች።

«ጣዪው! ጣዪው!» ብዬ እጄን እስከ ጉሮሮዋ ከተትኩ። የወጣልኝ የተቀደደ ላስቲክ ብቻ ነበር፤ ሮዝ ፈሳሽ በጣቶቼ መሀል ወረደ። የቀረውን ውጣዋለች። «እትዬ! መርዝ ነው! መርዝ ጥለውባት በላች! ወተት!»

በፍልሰታ፣ አክስቴ ቤት፣ ወተት! ፍሪጁ ውስጥ ሽሮና ጎመን እንጂ ሌላ አልነበረም። አክስቴ ቆማ አየችኝ። ደግ አደረጉ ያለችው ሴት ናት፤ ያንኑ ቃል ትደግመዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትደግመው ኖሮ እስከ ዛሬም አላናግራትም ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ዘግይታ የወለደችውን ፍየል በቀንዷ ጎትታ፣ ግልገሏን በጉልበቷ ገፍታ፣ በፕላስቲክ ኩባያ ማለብ ጀመረች። ወተቱ ግማሹ ኩባያው ውስጥ፣ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ይረጫል። ከንፈሯ ላይ የተፈናጠረውን ጾሟን እንዳያስፈታት በክንዷ ጠረገችና እየሮጠች መጣች።

«አንቺ አንቆርቁሪ፤ አፏን እኔ እይዛለሁ» አለችኝ።

ሳህን በዱላ ስትገፋ የኖረችው ሴት ጭቃው ላይ ተንበረከከችና በሁለት እጇ የውሻዬን መንጋጋ ከፈተች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍናለች። «በስመ አብ» ትላለች፣ ከዚያ «አንቆርቁሪ እንጂ!» ብላ ትጮኽብኛለች፣ ከዚያ እንደገና «በስመ አብ»። ኩባያው እስኪያልቅ አልለቀቀቻትም።

ከዚያ እስክትሞት ጠበቅናት። ውሻዬ ኩባያውን ላሰች፤ የእኔን እጅ ላሰች፤ የአክስቴን ቀሚስ፣ ወተት ያለበትን በሙሉ፣ ላሰች። ጭራዋን ትቆላለች። «ቀስ ብሎ የሚገድል ዓይነት ነው» አለች አክስቴ። እውነትም መሰለኝ። አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ኮል አደረግኩ፤ ቅዳሜ ነው፣ የሚመልሰው ማሽን ነው። እስከዚያ አክስቴ እጆቿን በግሮሰሪ ላስቲክ ጠቅልላ የወደቁትን እየለቀመች ባልዲ ውስጥ ትከታለች፤ ፍየሎቿ እንዳይቀምሱት፣ ደግሞም ማስረጃ እንዲሆን። «ፖሊስ ያየዋል፤ ዳኛም ያየዋል» ትላለች። ሐኪም ፍለጋ በአቅራቢያ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ለመሄድ መኪና ውስጥ ስንገባ ከፊት አልተቀመጠችም። ከኋላ፣ ከውሻዋ ጎን ተቀመጠች። «መተኛት የለባትም፤ ከተኛች አትነሣም» አለችኝና መንገዱን ሙሉ ጆሮዋን እየጎተተች ቀሰቀሰቻት። ውሻዬ ግን ጭራሽ አልተኛችም።

የትንሿ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ነጭ ፒክአፕ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ እንደ እግረኛ ሲሳብ አየን። በመስኮቱ አንድ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይወጣና ያንኑ ነገር ወደ ጉድባው ይወረውራል። ቀድሜ አለፍኩትና መኪናዬን መንገዱ ላይ አጋድሜ አቆምኩ። በሕይወቴ መንገድ የዘጋሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያኔ ፖሊስ ቢመጣም ወደ ኋላ የምል አልነበርኩም።

«ውሻዬን ገደላችኋት!» አልኩ በእንግሊዝኛ፤ ቀጥሎ በአማርኛ፤ ቀጥሎ ሁለቱን ቀላቅዬ።

አክስቴ ባልዲውን የመኪናቸው ኮፈን ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው። «በመሬቴ ላይ መርዝ እንዲጥሉ ማን ፈቀደላቸው በያቸው! ታክስ እከፍላለሁ በያቸው! እኔ እዚህ አገር ስገባ ይኼ ሹፌር አልተወለደም በያቸው!»

ሹፌሩ ወጣት ነበር፤ እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። የምትወረውረው ግን ፀጉሯ የሸበተ፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሴት ናት። ወረደች። ባልዲውን አየች፣ አክስቴን አየች፣ ከዚያ በመኪናዬ መስኮት አንገቷን አውጥታ በደስታ የምትጮኸውን ውሻዬን አየች።

«የሞተችው ይቺ ናት?» አለችኝ።

«ገና ነው!» አልኳት።

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ ለዚህ ዛሬም አመሰግናታለሁ። ዓይኗ እጄ ላይ ቀረ። «በባዶ እጅሽ ነክተሽዋል? ፈሳሹ ነክቶሻል?» አለችኝ። «ወሬ አትቀይሪብኝ!» አልኳት። እሷ ግን ከመኪናው ኋላ የውሃ ጀሪካንና ሳሙና አወጣችና «እጅሽን» አለች። እንደማፈር ብዬ ዘረጋሁላት። ውሃውን ቀስ እያለች አፈሰሰችልኝ፤ እየታጠብኩ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሽቦው የቧጨረኝን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። እንደገና አሳጠበችኝ፤ እንደገና አፈሰሰችልኝ። «ፈሳሹ ለሰው አደገኛ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ቁስል ከነካ ግን ዛሬውኑ ጤና ቢሮ መደወል አለብሽ» አለችና የስልክ ቁጥሩን ሰጠችኝ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ ነበር። ክንዴን ያዘችኝ። «ተይ፣ ረጋ በይ። መርዝ የሚያበላ ሰው እጅ አያስታጥብም» አለችኝ።

ሴትየዋ አስረዳችን፤ እኔም እየቆራረጥኩ ተረጎምኩ። መርዝ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ራኩን፣ ያ ማታ ማታ ቆሻሻ የሚበረብረው፣ ጭራው ዝንጉርጉር አውሬ፣ የዓሣ ሽታ ይወዳል፤ ላስቲኩን ሲነክሰው ክትባቱ አፉ ውስጥ ይፈስሳል። ሰው በሌለበት ገጠር በአውሮፕላን፣ ቤት ባለበት ደግሞ በመኪና ይጥሉታል። ውሻ ቢበላው ቢበዛ ሆዱን ቢያመው ነው።

«ክትባት? ለማን?» አለች አክስቴ።

«ለራኩን።»

«ሰው ለሚያሳድገው ራኩን?»

«ለዱር ራኩን ነው፣ እትዬ።»

አክስቴ ቀና ብላ ሰማዩን አየች፤ አውሮፕላኑ በሩቁ ገና ያጉረመርማል። «ያ ሁሉ ነዳጅ የሚቃጠለው የቆሻሻ ገንዳ ለሚገለብጥ ነው?» አለች። «ለምን አይገድሏቸውም? ጠይቂያት።»

ጠየቅኳት። ሴትየዋ ጥያቄው ያልሰለቻት መሰለች። ብንገድላቸው መሬቱ ባዶውን አይቀመጥም አለች፤ በሽታ የያዘ ሌላ ራኩን ከወዲያ መጥቶ ይሰፍርበታል። የተከተበው ግን ቦታውን ይዞ ይኖራል፤ ሌላውን አያስገባም፤ እሱ ራሱ አጥር ነው። በሽታው ያለው በምሥራቅ በኩል ነው፤ ይህን መስመር ካለፈ ወደ ምዕራብ ሜዳ ነው፤ የሚያቆመው ተራራ የለም። በየበጋው አዲስ ስለሚወለድ በየዓመቱ መጣል አለበት። ኋላ ደግሞ ጥቂቶቹን አጥምደው፣ ደም ወስደው፣ ክትባቱ ሠርቶ እንደሆነ አይተው ይለቋቸዋል።

«የራኩን ደም ይመረመራል?» አለች አክስቴ፤ ግን ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር። «ውድ ነው በያት? ብዙ ያስወጣል?»

«ውድ ነው» አለች ሴትየዋ። «በየዓመቱ ይህን ሁሉ ለራኩን ታወጣላችሁ የሚለን አይጠፋም። ካልጣልነው ግን ከራኩኑ ወደ ውሻው፣ ከውሻው ወደ ልጆቹ ይመጣል። የተነከሰውን ሁሉ ከማሳከም ይኼ ይረክሳል። የሞተውንማ ምን ብለሽ ትተምኚዋለሽ?» ከዚያ ወደ ውሻዬ ዞረች። «እሷ ተከትባለች?»

«ገና እጄ እንደገባች ነው ያስከተብኳት» አልኩ።

ይህን ለአክስቴ ስተረጉምላት ክው ብላ አየችኝ። «ለእብድ ውሻ በሽታ? ይቺ ውሻ ተከትባለች? እኔ ይኸው ሌት ተቀን ስሰቀቅባት!»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

አክስቴ እኔን ተወችኝ። ወደ ሴትየዋ ዞረች፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፣ «ይኼንን አትተርጉሚ» አለችኝ። ከዚያ ለዚያች አማርኛ ለማታውቅ ሴት በአማርኛ ትነግራት ጀመር።

«ወንድም ነበረኝ። ከእኔ በታች ነው፤ የዚህች አባት ገና አልተወለደም ነበር። የጎረቤት ውሻ ነከሰው፤ እንዲህ ትንሽ ጭረት ናት። እናቴ አጠበችለት። ጤና ጣቢያው መርፌ የለም፣ አዲስ አበባ ውሰዱት አለ። አባቴ እህል እስኪሸጥ፣ መኪና እስኪገኝ፣ ቁስሉ ዳነ። ዳነ ብለን ተውነው። ኋላ ነው ውሃ መፍራት የጀመረው። ጸበል ወሰድነው። ጸበሉን ሲያይ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ ሰይጣኑ ነው፣ ውሃውን የሚፈራው ሰይጣኑ ነው አለ። እህቱን ይወዳል፣ ከእህቱ እጅ ይጠጣ አሉና ጣሳውን እኔን አስያዙኝ። ጠማኝ ይለኛል፤ ሳቀርብለት ይጮኻል። ጠማኝ ይለኛል፤ ሳቀርብለት ይጮኻል። ልጅ ነኝ፤ እንዲጠጣ ያዝ አድርጌ...» አቆመች። «ውሃ እንደጠማው ሞተ» አለች።

ሴትየዋ አንድም ቃል አልገባትም። ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ደረቷ ላይ ይዛ፣ አክስቴ እስክትጨርስ ቆመች። ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ። እኔ እንባዬ ይወርዳል፤ አጎት እንደነበረኝ የሰማሁት ያኔ፣ እዚያ አስፋልት ላይ ነው። አባቴ፣ እሱ ከመወለዱ በፊት የሞተውን ታላቅ ወንድሙን አንድም ቀን አንስቶልኝ አያውቅም፤ ለእሱም ብዙ የነገረው ሰው አልነበረም።

ደግ አደረጉ ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ገባኝ ማለት ግን ተስማማሁ ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የጣሉትን መርዝ ዛሬም ደግ አልለውም፤ በደጃችን የሞተው ውሻ ያበደ አልነበረም። እሷም ዛሬ ድረስ እንዳለችው ናት። በዚህ ነገር አልታረቅንም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልተኳረፍንም።

አሁን አንዳንድ ጊዜ ልደት ቤትም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዱ ይነሣና «እነዚህ ሰዎች እኮ ገንዘባቸውን ለራኩን ከአውሮፕላን ይበትናሉ» ብሎ ሰውን ያስቃል። እኔ አልስቅም። ይበትኑት እላለሁ። የኔም ታክስ እዚያ ውስጥ ይኑርበት። እኔን የሚያንገበግበኝ ለራኩን ከሰማይ መውረዱ አይደለም፤ ለአጎቴ አንድ መርፌ በምድር መጥፋቱ ነው። ስለዚህ የምትቀልድ ከሆነ ሌላ ጠረጴዛ ፈልግ እለዋለሁ። ባለጌ ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ሴትየዋ ስንለያይ ጓንት ሰጠችን። ያልተቀደዱትን መልሰን ዛፍ ወዳለበት፣ ወንዝ ዳር እንድንወረውራቸው ነገረችን፤ ራኩኖቹ የሚመላለሱት እዚያ ነው። ቤት ስንደርስ ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው ጠጋ ብላ ነበር። ጤና ቢሮ ደወልኩ፤ እጄን እንድከታተል ነገሩኝ፤ አንዳች ነገር አልሆንኩም። አክስቴ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ባልዲውን አንጠልጥላ ከመሬቷ ግርጌ ወዳለው ወንዝ ወረደች፤ እኔና ውሻዬ ተከተልናት።

ውሃው በድንጋዮቹ መሀል ይንሾካሾካል። ቁጥቋጦው ሥር ጨለም ብሏል። አክስቴ ጓንቷን አጥልቃ አንድ በአንድ እያነሣች ትወረውር ጀመር። ከዚያ በእያንዳንዱ «እንካ» ማለት ጀመረች። «እንካ። እንካ። ብላ።» ለራኩን የሚባል ዓይነት ድምፅ አልነበረም፤ እምቢ ያለ ልጅ ሲያባብሉ እንደሚባለው ነው።

ባልዲው ሊያልቅ አንዲት ስትቀር ጓንቷን አወለቀች።

«እትዬ! ጓንቱ!» አልኳት።

«ተይኝ!» አለችኝ፤ ዞር ሳትል፣ ያችን በባዶ መዳፏ ይዛ። «ይቺንስ በእጄ ነው የምሰጠው።»

ተውኳት።